አንዱን የሚያስገባ፣ ሌላውን የሚመልስ አካውንት፦ በፓወርሼል የኦብጀክት ፕሮፐርቲዎችን የሚያሳይ ፋንክሽን የመጻፍ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

አንዲት አንጋፋ የሂሳብ ባለሙያ ጠረጴዛቸው ላይ ባለው ኮምፒውተር በተጠቃሚ ስማቸውና በይለፍ ቃላቸው ያለ ችግር ይገባሉ። ኢሜይላቸው ይሠራል፤ የጋራ ፎልደሩም ይከፈታል። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሆነው የግዥ መጠየቂያ ሥርዓቱን በብራውዘር ሲከፍቱ ግን ያው ስምና ያው የይለፍ ቃል «የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ተሳስቷል» የሚል መልስ ያመጣባቸዋል። አጠገባቸው የሚሠራው ወጣት ባልደረባቸው በሁለቱም ይገባል። ሥርዓቱ የራሱ የተጠቃሚዎች መዝገብ የለውም። የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያረጋግጠው በኤልዳፕ (ማውጫ በኔትወርክ በሚጠየቅበት ቋንቋ) አክቲቭ ዳይሬክተሪን (የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች የተመዘገቡበትን የማይክሮሶፍት ማውጫ) ጠይቆ ነው፤ ዊንዶውሱም የሚጠይቀው ይህንኑ መዝገብ ነው።

መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ያለ መካከለኛ ድርጅት ነው፤ ስሙ ለጉዳዩ አያስፈልግም። የድጋፍ ክፍሉ በተለመደው መንገድ ሄደ። የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፤ አልሆነም። የብራውዘሩ ማኅደር ጸዳ፤ አልሆነም። አካውንቱ ተቆልፎ እንደሆነ ታየ፤ አልተቆለፈም። የይለፍ ቃሉ እንደገና ተቀየረ። ባለሙያዋ የወር መዝጊያ ሥራ ተደራርቦባቸው ስለነበር «እናንተ ልጆች፣ የይለፍ ቃሌን ስንት ጊዜ ነው የምትቀይሩብኝ? እዚህ የሚሠራ ቃል እዚያ እንዴት ይሳሳታል?» አሉን።

ጥያቄያቸው ትክክለኛው የምርመራ መነሻ ነበር። የይለፍ ቃሉ ልክ መሆኑ በየጠዋቱ በዊንዶውስ መግቢያ ላይ ይረጋገጣል። ስለዚህ ልዩነቱ መፈለግ ያለበት በአካውንቱ ውስጥ፣ ማንም አውጥቶ ባላየው ቦታ ነው።

ስክሪኑ የመረጠልን

በፓወርሼል፣ ማለትም በማይክሮሶፍት የትእዛዝ መስመር፣ ጌት-ኤዲዩዘር የሚለውን የተጠቃሚ መረጃ ማምጫ ትእዛዝ ከመግቢያ ስማቸው ጋር ሰጠን። የመጣው አንድ ኦብጀክት (መረጃዎችን በአንድነት የያዘ ነገር) ነው፤ 10 ፕሮፐርቲ (ስምና ዋጋ ያለው የመረጃ መስክ) ይዟል፦ በማውጫው ውስጥ ያለው ሙሉ አድራሻ፣ አካውንቱ መንቃት አለመንቃቱ፣ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ሙሉ ስም፣ የኦብጀክቱ ክፍል፣ ሁለት ልዩ መለያዎች፣ ሁለት ዓይነት የመግቢያ ስሞች። የወጣቱም አካውንት እነዚያኑ 10 አመጣ። «ኢኔብልድ» የሚለው በሁለቱም ላይ «ትሩ» ይላል። ከስምና ከመለያ በስተቀር በሁለቱ መካከል የሚታይ ልዩነት የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆማል፤ «አካውንቱ ጤነኛ ነው» ብሎ ጉዳዩን ወደ ሥርዓቱ አበልጻጊዎች ይመራል። ግን ስክሪኑ ላይ የወጣውና ኦብጀክቱ ውስጥ ያለው አንድ አይደሉም። ይህን ለመረዳት ፓወርሼል እንዴት እንደተፈጠረ ማስታወስ ይጠቅማል።

ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮግራሞችን በፓይፕ (የአንዱን ውጤት ለሌላው በሚያቀብል መስመር) ሲያያይዝ በመካከላቸው የሚያልፈው ጽሑፍ ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነባል፤ ዓይን የሚያየውና ፓይፑ የሚያስተላልፈው ያው ጽሑፍ ነው። የማይክሮሶፍቱ ጄፍሪ ስኖቨር በነሐሴ ወር 2002 እ.ኤ.አ. «ሞናድ» በሚል ስም ያቀረበውና በኋላ ፓወርሼል የሆነው ሐሳብ ግን በጽሑፉ ፋንታ ኦብጀክት እንዲተላለፍ ነበር። የመጀመሪያው እትም በኅዳር 2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፓይፑ ውስጥ የሚሄደው ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና ዝርዝር በየዓይነታቸው የያዘ የዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሠረት) ኦብጀክት ሆነ። ጽሑፍ የሚሆነው በመጨረሻ፣ ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም የትኛው ፕሮፐርቲ ይታይ የሚለውን አስቀድሞ የወሰነ ሰው አለ። ለታወቁ ዓይነቶች የተዘጋጀ የአቀራረብ ደንብ አለ። ደንብ ለሌለው ኦብጀክት ፕሮፐርቲዎቹ እስከ 4 ከሆኑ በሠንጠረዥ፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ በዝርዝር ይወጣል። ጌት-ሰርቪስ 3 አምድ ብቻ ያሳያል። አገልግሎቱ በራሱ የሚነሳ ይሁን በእጅ የሚነሳ የሚነግረው ፕሮፐርቲ ኦብጀክቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ ሠንጠረዡ ላይ አይወጣም።

የባለሙያዋ ጉዳይ ግን ከዚህም አንድ ደረጃ ይጠልቃል፤ ብዙ ጊዜ ስለሚምታታ ለየት አድርጌ ልጻፈው። የጌት-ሰርቪስ ፕሮፐርቲ መጥቶ ነው የተደበቀው። ጌት-ኤዲዩዘር ግን ሌሎቹን ፕሮፐርቲዎች ከሰርቨሩ ጭራሽ አልጠየቀም፤ ካልተነገረው በስተቀር እነዚያን 10 ብቻ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ምንም ያህል ጥሩ ማሳያ ቢጻፍ፣ ያልመጣን ነገር አያሳይም። መጀመሪያ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ፓራሜትር (ከትእዛዝ ጋር የሚሰጥ አማራጭ) ከኮከብ ምልክት ጋር ሰጥቶ ሁሉንም ማስመጣት፣ ከዚያ ማሳየት ነው ቅደም ተከተሉ። ይህ ደግሞ ለአንድና ለሁለት ተጠቃሚ እንጂ ለመላው ዶሜይን (በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ለሚተዳደረው መረብ ሁሉ) የሚደረግ አይደለም፤ ሰርቨሩን ያደክማል።

ያሉት ትእዛዞች ለምን አልበቁም

አዲስ ፋንክሽን (በስሙ የሚጠራ የራስ ትእዛዝ) ከመጻፍ በፊት ያሉትን መፈተሽ ግዴታ ነው። ጌት-ሜምበር የፕሮፐርቲዎቹን ስምና ዓይነት ይዘረዝራል፤ ውስጣቸው ያለውን ዋጋ ግን አይነግርም። ፎርማት-ሊስት ከኮከብ ጋር ስምና ዋጋ ያሳያል። ለብዙ ሥራ ይህ በቂ ነው፤ አዲስ ለሚማር ሰው መጀመሪያ የማስተምረውም እሱን ነው። ሦስት ነገሮች ግን ይጎድሉታል። የዋጋውን ዓይነት አያሳይም፤ 512 ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አይታወቅም። ብዙ አባላት ያሉትን ዝርዝር በነባሪው ቅንብር ከ4 በኋላ በነጠብጣብ ይቆርጠዋል፤ አንድ ተጠቃሚ 15 ግሩፕ ውስጥ ቢኖር 4ቱን አይተን ሁሉንም ያየን ይመስለናል። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ የሚሰጠን ሥዕል እንጂ ዳታ አይደለም። የፎርማት ትእዛዞች የሚያወጡት ለስክሪን የተዘጋጀ የአቀራረብ መመሪያ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ማጣራት፣ ማወዳደር፣ ወደ ፋይል መላክ አይቻልም። የፎርማት-ቴብልን ውጤት ወደ ኤክስፖርት-ሲኤስቪ (ዳታን ወደ ሠንጠረዥ ፋይል የሚጽፍ ትእዛዝ) የላከ ሰው ኤክሴል ላይ ሲከፍተው ሊያነበው የማይችለው የመለያ ኮድ ያገኛል፤ ከሠራተኞቹ ስም አንዱም የለም።

ወደ ጄሰን (ዳታ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) መቀየርም ታስቦ ነበር። ነባሪው ጥልቀት 2 ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው ኦብጀክት ወደ ተራ ጽሑፍ ይወርዳል፤ ጥልቀቱን ስናሳድገው ደግሞ እርስ በርስ የሚጠቋቆሙ ኦብጀክቶች ውጤቱን ያሳብጡታል።

እኛ የፈለግነው ለእያንዳንዱ ፕሮፐርቲ አንድ ረድፍ ነው፤ ረድፉም ራሱ ኦብጀክት ሆኖ ስም፣ ዋጋ፣ የዋጋ ዓይነት፣ የፕሮፐርቲው ምንጭ፣ ስሕተት ካለም ስሕተቱን የያዘ።

ፋንክሽኑ

ስሙን ጌት-ኦብጀክትፕሮፐርቲ አልነው። ፓወርሼል ለትእዛዝ ስሞች የጸደቁ ግሦች ዝርዝር አለው፤ ጌት-ቨርብ ሲባል ይወጣል። «ሾው»ም በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ግን ሾው ለተጠቃሚው አሳይቶ የሚጨርስ ሥራን ነው የሚያመለክተው። የእኛ ፋንክሽን ዳታ ስለሚመልስ «ጌት» ይገባዋል። ይህ የስም ምርጫ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አንድ የሥራ ባልደረባ ስሙን ብቻ አይቶ «ይህን ወደ ሌላ ትእዛዝ መላክ እችላለሁ» ብሎ በትክክል እንዲገምት ያደርገዋል፤ በቡድን የሚሠራ ሰው ይህን ዋጋ ያውቀዋል።

የፋንክሽኑ እምብርት አንድ መስመር ነው። በፓወርሼል ውስጥ ያለ ማንኛውም ኦብጀክት ፒኤስኦብጀክት የተባለ የተደበቀ ፕሮፐርቲ አለው፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ ፕሮፐርቲስ የተባለ ስብስብ አለ። ስብስቡን አንድ በአንድ ስንዞረው እያንዳንዱ አባል ስሙን፣ ዋጋውን፣ የዋጋውን ዓይነት፣ መቀየር የሚቻል መሆኑንና ከየት እንደመጣ ይነግረናል። ከየት እንደመጣ ማወቅ በጣም ይጠቅማል። ተራ ፕሮፐርቲ ከዶትኔት ዓይነቱ የመጣ ነው። «ኖት» የተባለው ከጊዜ በኋላ የተለጠፈ ነው። «አሊያስ» የሌላ ፕሮፐርቲ ተለዋጭ ስም ነው። «ስክሪፕት» የተባለው ደግሞ በተነበበ ቁጥር የሚሰላ ነው።

ፓራሜትሩ ከፓይፕ ኦብጀክት እንዲቀበል ተደርጎ ተገለጸ፤ ሥራው በሙሉ «ፕሮሰስ» በተባለው ክፍል ውስጥ ገባ። ይህን ክፍል መተው በፓወርሼል ፋንክሽን በሚጽፉ ሰዎች ላይ በብዛት የማየው ወጥመድ ነው። ክፍሉ ካልተጻፈ የፋንክሽኑ አካል በሙሉ የመጨረሻ ክፍል ተደርጎ ይቆጠራል፤ 20 ኦብጀክት በፓይፕ ቢላክ የሚሠራው በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ስሕተት የሚል ቀይ ጽሑፍ አይወጣም። ውጤት ስለሚኖር በአንድ ኦብጀክት የሞከረ ሰው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ያልፈዋል።

ቀጥሎ የዋጋ ንባቡን ለየብቻ በትራይና ካች (ስሕተት ሲነሳ ይዞ ሥራውን በሚያስቀጥል ጥበቃ) መክበብ አስፈለገ። ፕሮፐርቲ ማንበብ ሁልጊዜ የተቀመጠ ነገር ማንሳት አይደለም፤ ከጀርባው ኮድ ሊሮጥ፣ ኮዱም ሊወድቅ ይችላል። ጥሩ ምሳሌው ጌት-ፕሮሰስ ነው። እየሠራ ያለ ፕሮሰስን (በኮምፒውተሩ ላይ የሚሮጥ ፕሮግራምን) «ኤግዚትኮድ»፣ ማለትም ሲያበቃ የሚተወውን ቁጥር፣ መጠየቅ፣ ገና ያልወጣን ሰው ስትወጣ ምን አልክ እንደማለት ነው፤ ዶትኔት በስሕተት ይመልሳል። ፎርማት-ሊስት ይህን ዝም ብሎ ባዶ አድርጎ ያሳየዋል። ፒኤስኦብጀክት ግን ስሕተቱን ይወረውራል። ጥበቃ ከሌለ አንዱ ፕሮፐርቲ የቀሩትን ይዞ ይወድቃል። እኛ ስሕተቱን ይዘን በራሱ አምድ አስቀመጥነው፤ «ባዶ ነው» እና «ማንበብ አልተቻለም» የተለያዩ መልሶች ናቸውና። በምርመራ ላይ ሁለቱን የሚያቀላቅል መሣሪያ ሰውን በተሳሳተ መንገድ ይመራል።

የቀረው ሥራ ዋጋውን ለዓይን በሚመች መልኩ ማዘጋጀት ነበር፤ ጊዜም የወሰደው እሱ ነው። ዝርዝር የሆነ ዋጋ አባላቱ ሳይቆረጡ፣ ተደርድረው፣ በነጠላ ሰረዝ ተያይዘው እንዲወጡ ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በዶትኔት ውስጥ ጽሑፍ ራሱ የፊደላት ስብስብ ነው፤ «ስብስብ ከሆነ በታትነው» ብቻ ከተባለ የሠራተኛዋ ስም ፊደል በፊደል ይዘረገፋል። ስለዚህ ጽሑፍ አስቀድሞ መለየት አለበት። የባይት ድርድሮች ርዝመታቸውና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ባይቶች ብቻ እንዲታዩ ተደረገ። ቀኖች በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ወጡ፤ ምክንያቱም ፓወርሼል ቀንን በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሲያስገባው የማሽኑን ቅንብር ትቶ ወርን ያስቀድማል፣ ቱስትሪንግ (ወደ ጽሑፍ ቀይር) ሲባል ደግሞ የማሽኑን ቅንብር ይከተላል። እኛ አገር ቀን አስቀድሞ መጻፍ ስለተለመደ 03/04 የሚል ነገር ሁለት ሰው ሁለት ቀን አድርጎ ያነበዋል።

ሁለት ማጣሪያ ጨመርንለት፦ በስምና በዋጋ። የዋጋ ማጣሪያው መጀመሪያ ተጨማሪ ነገር ይመስል ነበር፤ በኋላ ግን ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ላይ የዋለው እሱ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሁለቱን ጎን ለጎን

ፋንክሽኑ በባለሙያዋ አካውንት ላይ ሲሠራ ረጅም ዝርዝር ወጣ። ሁሉም ነገር አለ፤ ስለዚህም ምንም አይታይም። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው ልክ ያልሆነውን ነገር የሚያውቀው ልክ የሆነውን ካወቀ ብቻ ነው። ልክ የሆነው ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ የወጣቱ አካውንት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ፋንክሽን ተጻፈ፤ ኮምፔር-ኦብጀክትፕሮፐርቲ። ሁለት ኦብጀክት ይቀበላል፣ በሁለቱም ላይ የመጀመሪያውን ፋንክሽን ያስኬዳል፣ የሚለያዩትን ረድፎች ብቻ ይመልሳል።

እዚህ ላይ የስሞቹ ዝርዝር ከሁለቱም ኦብጀክቶች ተዋሕዶ መውሰድ አለበት። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ዋጋ ያልተሰጠውን ጥሬ አትሪቢዩት (በማውጫው ውስጥ ያለ የመረጃ መስክ) አያከማችም። ስለዚህ አንዱ አካውንት ላይ ያለ ስም ሌላው ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ከወጣቱ ኦብጀክት ስሞች ብቻ ተነስቶ የሚያወዳድር ኮድ የባለሙያዋን ተጨማሪ አትሪቢዩት በፍጹም አያየውም። ፓወርሼልም በነባሪ አሠራሩ የሌለ ፕሮፐርቲ ሲጠየቅ ስሕተት አይልም፤ ባዶ ይመልሳል። ስለዚህ በእኛ ውጤት ላይ «የለም» እና «ባዶ» ተለይተው ተጻፉ።

ማወዳደሩ የሚካሄደው በተዘጋጀው ጽሑፍ ላይ እንጂ በጥሬው ዋጋ ላይ አይደለም። የፓወርሼል «ኢኪው» (የእኩልነት ማወዳደሪያ) በግራው በኩል ዝርዝር ሲያገኝ እኩል ነው አይደለም ብሎ አይመልስም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ እኩል የሆኑትን አጣርቶ ይመልሳል። ዝርዝሮችን ቀጥታ በእሱ ያወዳደረ ሰው ያልጠበቀውን ውጤት ያገኛል።

የመጀመሪያው ንጽጽር በጫጫታ የተሞላ ነበር። መለያዎች፣ የተፈጠሩበት ቀን፣ የመጨረሻ የመግቢያ ጊዜ፣ የለውጥ ቁጥሮች፣ ሁሉም ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ መለያየትም አለባቸው። እነዚህን የሚተው የስም ዝርዝር በፓራሜትር ተጨመረ። ሌላ የውሸት ልዩነትም ነበር፦ የአካውንት ማብቂያ ጊዜ በአንዱ ላይ 0፣ በሌላው ላይ 9223372036854775807 ይላል። ሁለቱም ትርጉማቸው አንድ ነው፣ «መቼም አያበቃም»። ይህ ቁጥር ከ1601 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በ100 ናኖሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ መሆኑን ለማያውቅ ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው መስመር እሱ ይሆናል። አንድ መረጃ በሁለት ስም መምጣቱም አለ፤ ጥሬው የኤልዳፕ ስምና የፓወርሼል ሞጁሉ የሰጠው ለሰው የሚቀል ስም።

ይህ ሁሉ ከተጠረገ በኋላ ጥቂት ረድፍ ቀረ። የአካውንት መቆጣጠሪያ ቁጥሩ በባለሙያዋ ላይ 66048፣ በወጣቱ ላይ 512 ነው። የግሩፕ አባልነታቸው ይለያያል። ማብራሪያው ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ ይለያያል። ደግሞም «ሎግኦንወርክስቴሽንስ» የሚለው በባለሙያዋ ላይ የአንድ ኮምፒውተር ስም ይዟል፤ በወጣቱ ላይ ባዶ ነው። ጥሬው «ዩዘርወርክስቴሽንስ»ም በባለሙያዋ ላይ ያንኑ ስም ይዞ በወጣቱ ላይ «የለም» ብሎ ወጥቷል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ቁጥሩ ላይ ነበር፤ ትልቅ ስለሆነ ዓይን ይስባል። ግን 66048 ማለት 512 ሲደመር 65536 ነው፤ መደበኛ አካውንት፣ የይለፍ ቃሉ ጊዜ የማያልፍበት። መግባትን አይከለክልም። ግሩፑም ሥርዓቱ የግሩፕ ገደብ ስለማያስቀምጥ ወደቀ። የቀረው የኮምፒውተሩ ስም ነው።

ማረጋገጫና መፍትሔ

ያ ፕሮፐርቲ አንድ ተጠቃሚ ከየትኞቹ ማሽኖች ብቻ መግባት እንደሚችል ይወስናል። ባለሙያዋ ገንዘብ ስለሚያንቀሳቅሱ፣ ከዓመታት በፊት የኦዲት አስተያየት ተከትሎ ከተመደበላቸው ማሽን ውጪ እንዳይገቡ ተደርጎ ነበር። ወጣቱ ይህ ደንብ አይመለከተውም። ደንቡ ሲወጣ የግዥ መጠየቂያ ሥርዓቱ ገና አልነበረም።

ታዲያ እዚያው ማሽናቸው ላይ ተቀምጠው ለምን ተከለከሉ? ሥርዓቱ በኤልዳፕ ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ወደ ዶሜይን ኮንትሮለሩ (አክቲቭ ዳይሬክተሪን ወደሚያስተናግደው ሰርቨር) ይልካል። ኮንትሮለሩ በስማቸው የሚያስገባቸው እዚያው በራሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከገደቡ ጋር የሚመሳከረው «ማሽን» ኮንትሮለሩ ራሱ እንጂ የባለሙያዋ ኮምፒውተር አይደለም። ኮንትሮለሩ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የሚመለሰው መልስ የኤልዳፕ ኮድ 49 ነው፤ የመግቢያ መረጃው ልክ አይደለም ማለት። ከኮዱ ጋር በሚመጣው ማብራሪያ ውስጥ ግን «ዳታ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሌላ ቁጥር አለ፤ እውነተኛውን ምክንያት የያዘው እሱ ነው። 532 የይለፍ ቃሉ ጊዜው እንዳለፈ፣ 533 አካውንቱ እንደተዘጋ፣ 701 የአካውንቱ ጊዜ እንዳበቃ፣ 775 እንደተቆለፈ፣ 531 ደግሞ ከዚያ ማሽን መግባት እንደማይፈቀድ ይናገራል። እነዚህ በአሥራ ስድስት መሠረት የተጻፉ ናቸው፤ 531 በተለመደው አቆጣጠር 1329 የሆነው የዊንዶውስ ስሕተት ነው። የግዥ ሥርዓቱ 49ን ብቻ አይቶ ማብራሪያውን ይጥለው ነበር። አበልጻጊዎቹ ማብራሪያውን ወደ ሎግ እንዲጽፉት ከተጠየቁ በኋላ በባለሙያዋ ሙከራ ላይ 531 ወጣ። በኮንትሮለሩ የደህንነት መዝገብ ላይም በክስተት ቁጥር 4625 ተመዝግቦ ተገኘ። የዚያ መዝገብ ፈቃድ በሌላ ክፍል እጅ ስለነበር ምን እንደምንፈልግ ሳናውቅ ልንጠይቅ አልቻልንም፤ ንጽጽሩ የሚጠየቀውን ነገር ሰጠን።

መፍትሔው ላይ ክርክር ነበር። ገደቡን ማጥፋት ቀላሉ ነው፤ ግን በኦዲት የመጣን ጥበቃ ለአንድ ሥርዓት ምቾት ብሎ ማንሳት ትክክል አይመስለኝም። የኮንትሮለሮቹ ስም በዝርዝሩ ላይ ተጨመረ። ይህ ባለሙያዋ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጠው እንዲገቡ አያደርግም፤ በኮንትሮለር ላይ ቀጥታ መግባት በሌላ መብት የሚጠበቅና ለአስተዳዳሪዎች የተተወ ነው። ሲጨመር ግን ሴት-ኤዲዩዘር በዚህ ፓራሜትር ነባሩን ዝርዝር በአዲሱ እንደሚተካው፣ እንደማይደምረው መታወቅ አለበት። የቀድሞውን ስም ሳያካትቱ ኮንትሮለሩን ብቻ መስጠት ባለሙያዋን ከገዛ ጠረጴዛቸው ያስወጣቸው ነበር።

ያንኑ ቀን የመጀመሪያውን የግዥ ጥያቄያቸውን ላኩ።

ፋንክሽኑ ሥራ ላይ

የዋጋ ማጣሪያው የተወደደበት ምክንያት ከእኛው ስም አጻጻፍ የመጣ ነው። አንድን ሰው በላቲን ፊደል በተጻፈ ስሙ መፈለግ አስተማማኝ አይደለም፤ ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አለው። የአያት ስምም የራሱ ቦታ ስለሌለው አንዱ አስተዳዳሪ ከአባት ስም ጋር ያያይዘዋል፣ ሌላው የመሃል ፊደል በሚገባበት ቦታ ያስገባዋል። የማይለዋወጠው የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር ነው፤ እሱም በተለያየ ዘመን በተለያዩ ሰዎች በተለያየ ፕሮፐርቲ ውስጥ ተቀምጧል። ቁጥሩን ለማጣሪያው መስጠት «በየትኛው ፕሮፐርቲ ውስጥ አለ» የሚለውን ይመልሳል። የሰው ኃይል መዝገቡን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር የማስማማት ሥራ የተጀመረው ከዚህ ነው።

የእርዳታ ጽሑፉን በአማርኛ ጻፍነው፤ የድጋፍ ክፍሉ ሰዎች ጌት-ሄልፕ ብለው በገዛ ቋንቋቸው እንዲያነቡት። እዚህ ላይ የፋይሉ አቀማመጥ ወሳኝ ነው። ነባሩ ዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የተባለው ምልክት ከሌለ ዩቲኤፍ-8 (የዓለም ፊደላትን ሁሉ የሚይዝ የፋይል አጻጻፍ) መሆኑን አያውቅም፤ የግእዝ ፊደሉን ወደ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይለውጠዋል። ፓወርሼል 7 ይህ ችግር የለበትም። ሁለቱም ስላሉን ፋይሉ ከነቦሙ ተቀመጠ። የአምዶቹ ስሞች በእንግሊዝኛ ቀሩ፤ ሌሎች ስክሪፕቶች በስማቸው ስለሚጠሯቸው።

ሁለቱ ፋንክሽኖች በሞጁል ተጠቅልለው ሁሉም የድጋፍ ሠራተኛ ማሽን ላይ ተጭነዋል። በየሰው ፕሮፋይል (ፓወርሼል ሲከፈት በሚሮጥ የግል ፋይል) ውስጥ መለጠፍ አልተፈለገም፤ በፕሮፋይል የሚኖር ኮድ ሲታረም የየሰው ቅጂ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከዚያ ቀጥሎ የማሽን ገደብ ያለባቸው አካውንቶች ሁሉ በአንድ የኤልዳፕ ማጣሪያ ተለይተው ወጡ፤ ገንዘብ ቤት ከሚሠሩት መካከል ያው ችግር ገና ያልደረሰባቸው፣ ሥርዓቱን ሲከፍቱ የሚደርስባቸው ነበሩ። የእነሱም ዝርዝር ተስተካከለ።

አሁን የምንሠራው ፋንክሽኑ በማያየው ነገር ላይ ነው። በኮከብ የሚመጣው የግሩፕ አባልነት ቀጥታ የገቡበትን ብቻ ይዘረዝራል፤ ዋናውን ግሩፕ አይጨምርም፣ በግሩፕ ውስጥ ያለ ግሩፕንም አይከተልም። ሙሉውን የሚሰጠው «ቶክንግሩፕስ» የተባለው አትሪቢዩት ሲጠየቅ ብቻ የሚሰላ ስለሆነ ከኮከቡ ጋር አይመጣም፤ በስሙ፣ በዚያው በአንዱ ኦብጀክት ላይ ብቻ ተነጣጥሮ መጠየቅ አለበት። የይለፍ ቃል የሚያልፍበት የተሰላ ቀንም እንዲሁ በስሙ ይጠየቃል። እነዚህን አስቀድሞ ጠይቆ ለንጽጽሩ የሚያቀርብ ሦስተኛ ፋንክሽን እየተጻፈ ነው።